ምልክትና መለያ፤ ስለ ብራውዘር ምስሎች መመሳሰል የቀረበ ሒስ

ምልክት የሰው ልጅ ፊደል ከመቅረጹ በፊት የጻፈው ጽሕፈት ነው። ከብት አርቢው ከብቱን፣ ሸክላ ሠሪው ሸክላውን፣ ነጋዴው ጭነቱን የሚለየው በምልክት ነበር። ይህ ጥንታዊ ጽሕፈት ፊደልና ማተሚያ ቤት ሲመጡ አልጠፋም፤ ይልቁንም በዚህ ዘመን ወደ እጅ ስልክ ገብቶ ከምንጊዜውም ይበልጥ በዝቷል። ስልክ የያዘ ሰው ከማናቸውም መጽሐፍ ይበልጥ ደጋግሞ የሚያየው ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡትን የትንንሽ ሥዕሎች ረድፍ ነው። ሆኖም ሒስ ለእነዚህ ሥዕሎች እምብዛም ቦታ አልሰጣቸውም። የሥዕል ዐውደ ርእይ ሲከፈት ይጻፋል፤ አዲስ ቴአትር መድረክ ላይ ሲወጣ ይጻፋል፤ ሰፊው ሕዝብ ማለዳ ተነሥቶ እስኪተኛ ድረስ የሚያየው ሥዕል ግን «የፋብሪካ ዕቃ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ከእነዚህ ሥዕሎች መካከል ልዩ ምርመራ የሚገባቸው የብራውዘር ምስሎች ናቸው። ብራውዘር የኢንተርኔትን ገጽ ፈልጎ፣ አምጥቶና ዘርግቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪ፣ ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ሳምሰንግ ኢንተርኔት እየተባሉ የሚጠሩት ሁሉ ሥራቸው አንድ ነው፤ ምስላቸውም አንድ ወደ መሆን ተቃርቧል። ሁሉም ክብነትን ይወዳሉ፤ ብዙዎቹ ሰማያዊ ቀለም አለባቸው፤ አብዛኞቹም በግልጽ ወይም በስውር ሉልን ያስታውሳሉ። እያንዳንዱ ባለቤት «የእኔን ምረጡ» ይላል፤ የሚጣራው ግን በጎረቤቱ ድምፅ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። መመሳሰሉ ከየት መጣ? ጉዳቱስ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?

ለዚህ ምርመራ ከነገሌ ቦረናና ከደቡብ ቆላማ ከተሞች የተሻለ መፈተኛ በቀላሉ አይገኝም። አንደኛ፣ በእነዚህ ከተሞች ፀሐዩ ብርቱ፣ ቋንቋው ብዙ፣ የሚነበበውም ፊደል ከአንድ በላይ በመሆኑ የምልክት ድካም ቶሎ ይጋለጣል። ሁለተኛ፣ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ በምልክት ጥበብ የበለጸገ በመሆኑ ለማነጻጸሪያ የሚሆን የቆየ መለኪያ አለው።

የመንጋው ትምህርት

ከሻሸመኔ ተነሥቶ በክብረ መንግሥት በኩል ወደ ነገሌ የሚወርደው፣ ከዚያም በፊልቱ አልፎ ዶሎ አዶ የሚደርሰው መንገድ፣ እንዲሁም ከዲላ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ሞያሌ የሚዘልቀው መንገድ፣ ሁለቱም የከብት አገር መንገዶች ናቸው። የቦረና ከብት በዝርያው የታወቀ ነው፤ ባለ ሻኛ ሲሆን ቆዳው አብዛኛውን ጊዜ ነጭ፣ ዳለቻ ወይም ቡላ ነው። በእንግዳ ዐይን ሲታይ መንጋው ሁሉ አንድ መልክ አለው። በበጋ ወራት ደግሞ የብዙ ባለቤት ከብት ቦረናዎች «ቱላ ሰግላን» ብለው በሚጠሯቸው በዘጠኙ ጥልቅ ጉድጓዶች ዙሪያ ተራውን ጠብቆ ይጠጣል። በዚህ ጊዜ የአንዱ ከብት ከሌላው ካልተለየ ጠብ ይነሣል፤ በቆላ አገር የከብት ጠብ ደግሞ ቀላል ጠብ አይደለም።

ስለሆነም አርብቶ አደሩ የጆሮ ቁርጥና በጋለ ብረት የሚተኮስ ምልክት አለው። በተለይ በግመል ላይ የሚተኮሰውና ሶማሌዎች «ሱመድ» የሚሉት ምልክት ለሥነ ጥበብ ተማሪ ብዙ ያስተምራል። ቅርጹ ቀላል ነው፤ ጭረት፣ መስቀለኛ ጭረት፣ ክብ፣ ቅስት። ብረት በቆዳ ላይ ከዚህ የረቀቀ ነገር መጻፍ አይችልም። ይሁን እንጂ ቅርጹ ብቻውን አይነበብም። ምልክቱ ያረፈበት ቦታ፣ አንገት ይሁን ጉንጭ፣ ትከሻ ይሁን ታፋ፣ ግራ ይሁን ቀኝ፣ ራሱ የንባቡ ክፍል ነው። ከቅርጽና ከቦታ በላይ ደግሞ ስምምነት አለ፤ የአንዱን ጎሣ ምልክት ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም፣ ነጋዴውም፣ እረኛው ሕፃንም ያውቁታል።

ከዚህ ልማድ ሦስት ሕጎች ይወጣሉ። ጥሩ መለያ ከሩቅና በአቧራ መካከል ይነበባል። ጥሩ መለያ የሚቀረጸው ለብቻው ሳይሆን ከጎኑ የሚቆመውን ሌላውን ምልክት በማሰብ ነው። ጥሩ መለያ ኃላፊነትን ይሸከማል፤ ግመሉ የሰው እህል ቢበላ ባለቤቱ የሚጠየቀው በምልክቱ ነውና። የብራውዘሮቹ ምስሎች በእነዚህ ሦስት ሕጎች ሲመዘኑ ምን ያህል ይቆማሉ?

የሉሉ ታሪክ

መመሳሰሉ ከመነሻው የመጣ ነው። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው፣ በ1990ም የመጀመሪያውን ብራውዘር የሠራለት ሥርዓት ስሙ ራሱ «ዓለም አቀፍ ድር» ነው። ስሙ ዓለም ከሆነ ሥዕሉም ዓለም መሆኑ አልቀረም። በ1993 የወጣው ሞዛይክ ገጽ በሚያመጣበት ጊዜ የሚሽከረከር ሉል ያሳይ ነበር። በ1994 የወጣው ኔትስኬፕ ናቪጌተር «ኤን» የምትባለውን የላቲን ፊደል በፕላኔት አድማስ ላይ አቆመ። በ1995 የመጣው የማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ቆየት ብሎ በቀለበት የተከበበች ሰማያዊ «ኢ» አርማው አደረገ። አፕል በ2003 ሳፋሪን ሲያወጣ ሰማያዊ ኮምፓስ ሣለ። የሳምሰንግም ብራውዘር ዛሬ የሚታወቀው ቀለበት ባጠለቀች ፕላኔት ነው።

ስሞቹም ከሥዕሎቹ ጋር አንድ መንገድ ተጓዙ። ናቪጌተር መርከብ መሪ ነው፤ ኤክስፕሎረር አገር አሳሽ ነው፤ ሳፋሪ ከዐረብኛ ወደ ስዋሂሊ የገባ፣ ጉዞ ማለት ነው። ሁሉም ተጠቃሚውን እንደ ተጓዥ፣ ዓለምን እንደ ሩቅ አገር ይቈጥራሉ። ግጦሽና ውሃ ተከትሎ ከቦታ ወደ ቦታ ለሚሄድ ሕዝብ ግን ጉዞ የመዝናኛ ምሳሌ ሊሆን አይችልም፤ ጉዞ ኑሮ ነው፤ ኮምፓሱም ኮከብ፣ ነፋስና የአዛውንት ቃል ነው። ዓለምን ከሩቅ ሆኖ እንደ ኳስ ማየት በራሱ የአንድ ወገን አመለካከት መሆኑን ሥዕሎቹ ሳይናገሩ ይናገራሉ።

ከዚህ ረድፍ ወጣ ለማለት ከሞከሩት መካከል ፋየርፎክስ ቀዳሚውን ቦታ ይይዛል። በ2004 የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ ሲወጣ ይዞት የመጣው ምስል በሰማያዊ ሉል ላይ የተጠቀለለ የእሳት ቀለም ያለው ቀበሮ ነበር። ስሙ በእንግሊዝኛ ቀይ ፓንዳ ለሚባለው አውሬ የሚሰጥ ስም ቢሆንም ሠዓሊዎቹ የመረጡት ቀበሮን ነው፤ መልካምም አደረጉ። ሉሉ ከሥዕሉ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሕይወት ያለው ፍጡር ገባበት፤ ፍጡሩም ጅራት፣ ጆሮና እንቅስቃሴ ስላለው ዐይን ይይዘዋል። በ2021 «ቀበሮዋ ከአርማው ተሰረዘች» የሚል ወሬ በተሰራጨ ጊዜ ብዙ ሰው ተቈጣ። እውነቱ ግን በ2019 ለድርጅቱ ምርቶች ጠቅላላ መጠሪያ ቀበሮ የሌለበት የነበልባል አርማ መሠራቱ ነበር፤ በብራውዘሩ ምስል ላይ ቀበሮዋ አልተነካችም። ቍጣው የሚያስተምረው ነገር አለ። ሰው ለሉል አያለቅስም፤ ለሚያውቀው ፍጡር ግን ይቈረቈራል።

ጎግል በ2008 ክሮምን ሲያወጣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለበት ያለው፣ እምብርቱ ሰማያዊ የሆነ ኳስ አቀረበ። የመጀመሪያው ምስል እንደ ፕላስቲክ መጫወቻ ያብረቀርቅ ነበር፤ በ2011 ማብረቅረቁ ቀነሰ፤ በ2022 ጥላው ተነሥቶ ቀለሙ ደመቀ። በዚያው ወቅት ሠሪዎቹ ቀይና አረንጓዴ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ዐይን ላይ እንደሚንቀጠቀጡ በማስተዋል ቀለሞቹን በስሱ አለዝበዋል። ይህ የባለሙያ ጥንቃቄ ነው። ሆኖም ጥንቃቄው ሁሉ ያተኮረው ምስሉ በራሱ እንዲያምር ነው፤ በጎረቤቶቹ መካከል ምን ይላል የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም።

ቅርጽ ይዘቱን ሲከተል

መመሳሰሉን በሠዓሊዎች ስንፍና ብቻ ማመካኘት ሒስን ቀላል ያደርገዋል፤ እውነትን ግን አያገኝም። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የርእስ አንድነት ነው። እያንዳንዱ ብራውዘር «ዓለም ሁሉ በእኔ ዘንድ አለ» ማለት ይፈልጋል። መድረክ ላይ የሚወጣው ተዋናይ ሁሉ ዘውድ ደፍቶ ቢወጣ ተመልካች ንጉሡን አያገኘውም። ሁሉም ዓለምን ሲሥሉ አንዳቸውም ራሳቸውን አልሣሉም።

ሁለተኛው የክፈፉ አንድነት ነው። በቀድሞው ኮምፒዩተር ላይ ምስል የራሱን ዳር ይዞ መቆም ይችል ነበር፤ ጆሮውም ጅራቱም ይታይ ነበር። አይፎን በ2007 ሲወጣ ሁሉንም በጥግ አልባ አራት ማዕዘን ውስጥ ከተተ። አንድሮይድ ደግሞ በ2017 በስምንተኛ እትሙ ሠዓሊው ምስሉን በሁለት ንብር እንዲያቀርብና የስልኩ አምራች በፈለገው ቅርጽ፣ በክብም ሆነ በማዕዘን፣ እንዲቈርጠው አደረገ። በ2022 በወጣው አሥራ ሦስተኛው እትም ይባስ ብሎ ባለስልኩ ከፈቀደ ምስሎች አንድ ዓይነት ቀለም ሊነከሩ ይችላሉ። ስለዚህ ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ዳሩ ተቈርጧል፤ ሥዕሉ ከእጁ ከወጣ በኋላም ቀለሙ ሊገፈፍ ይችላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የሞተሩ አንድነት ነው። በእያንዳንዱ ብራውዘር ሆድ ውስጥ ገጹን የሚያነብና የሚሥል ሞተር አለ። ኦፔራ እስከ 2013 የራሱ ሞተር ነበረው፤ በዚያ ዓመት ትቶት ጎግል ወደሚመራው ክሮሚየም ገባ። ማይክሮሶፍትም በ2020 መጀመሪያ ኤጅን በክሮሚየም ላይ መልሶ ሠራው። ሳምሰንግ ኢንተርኔት፣ ብሬቭና ቪቫልዲም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ከቆሙት መካከል ዋናዎቹ የአፕል ሳፋሪና ፋየርፎክስ ናቸው። በዓለም ላይ ከሚከፈተው ገጽ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚከፍተው ክሮም ብቻውን ነው። እንግዲህ ልብሱ የተመሳሰለው ገላው ስለተመሳሰለ ነው። ይዘት አንድ ሲሆን ቅርጽ ብቻውን ልዩነት ሊፈጥር ቢነሣ የሚወልደው ጌጥ ነው፤ ጌጥ ደግሞ መለያ አይሆንም።

የኤጅ ታሪክ ይህን ያረጋግጣል። በ2015 የወጣው ኤጅ ሰማያዊዋን «ኢ» ይዞ የመጣው ብዙ ሰው ኢንተርኔትን የሚያውቀው በዚያች ፊደል ስለነበር ነው። በ2019 መጨረሻ ማይክሮሶፍት ፊደሏን ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ማዕበል ለወጣት፤ አሮጌው ኤክስፕሎረርም በ2022 ተሰናበተ። ማዕበሉ ያማረ ሥዕል ነው። ነገር ግን ከአሮጌው ትዝታ ለመለየት የተደረገው ጥረት ምስሉን ወደ ክቦቹ ማኅበር ይበልጥ አስገባው።

መለያው ሲጠፋ የሚከፍለው ማን ነው?

«ሥዕሉ ቢመሳሰልስ፣ ከሥሩ ስሙ ተጽፏል» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ይህ ክርክር በነገሌ፣ በፊልቱና በሞያሌ አይጸናም። የስልኩ ቋንቋ አማርኛ ቢደረግ እንኳ የብራውዘሩ ስም አብዛኛውን ጊዜ በላቲን ፊደል እንደተጻፈ ይቀራል። አማርኛ ብቻ ማንበብ ለተማረ ሰው ይህ ግድግዳ ነው። ላቲን ፊደል የሚያነበውስ? ኦሮምኛ በቁቤ መጻፍ በይፋ ከተወሰነበት ከ1991 ጀምሮ፣ ሶማሊኛም ከ1972 ጀምሮ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ ድምፁ ግን የየራሳቸው ነው። ፋየርፎክስ በሚለው ስም መጨረሻ ላይ የቆመችውን መስቀለኛ ፊደል እንግሊዝኛ የተማረው «ክስ» ይላታል፤ በቁቤ የተማረው «ጥ» ይላታል፤ ሶማሊኛ የተማረው «ሕ» ይላታል። ክሮም የሚለውንም ስም በቁቤ ሥርዓት ያነበበ ተማሪ በ«ች» ይጀምረዋል። ሦስቱም በየትምህርት ቤታቸው በትክክል ያነበቡ ናቸው። በአንድ ገበያ ሦስት ድምፅ ያለው ስም ሰውን ወደ ሥዕሉ ይመልሰዋል፤ ሥዕሉ ደግሞ ከሌላው አልተለየም።

በዚህ ላይ የቀትር ፀሐይ አለ። ባትሪ ለመቈጠብ ብርሃኑ ዝቅ የተደረገ፣ አቧራ የጠገበ፣ ምናልባትም መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ በዱብሉቅ ወይም በሞያሌ የከብት ገበያ መካከል ሲወጣ ሰማያዊ ከሰማያዊ፣ ክብ ከክብ አይለይም። ስሱ የቀለም ሽግግር፣ በአዲስ ስልክ ላይ በጥላ ሥር የሚያምረው ረቂቅ ጥላ፣ እዚህ ከንቱ ነው። በአቧራ መካከል የሚነበበው የግመሉ ጭረት ከዚህ ሁሉ ጥበብ ይልቃል።

ስሕተቱ ዋጋ ያስከፍላል። ኦፔራ ሚኒ በ2006 በዓለም ዙሪያ የቀረበው ገጹን በሩቅ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ጨምቆ ወደ ስልኩ በመላክ ነው፤ ጥቂት የኢንተርኔት ጥቅል ለገዛ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የመሣሪያዎቹ ልዩነት በምስላቸው ላይ ካልታየ ግን ባለስልኩ በየትኛው በር ሲገባ ብዙ፣ በየትኛው ሲገባ ጥቂት እንደሚከፍል የሚነግረው የለም። ከዚህም የከፋ አለ። የታወቀ ምስል አስመስሎ የሚሠራ ሐሰተኛ መሣሪያ የሰውን የይለፍ ቃል መስረቅ በዓለም ላይ የታወቀ ወንጀል ነው። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ራሱ በኢትዮጵያ ስልክ ውስጥ አድሯል። ሁሉም በር አንድ መልክ ባለው መንደር ሌባ ማንኳኳት አያስፈልገውም።

የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ጉዳይ ያውቀዋል። የንግድ ምልክትን ለማስመዝገብና ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 501/1998 ተጠቃሚን የሚያደናግር ተመሳሳይ ምልክት እንዳይመዘገብ ይከለክላል። በምርጫ ወረቀት ላይም ከስም ጎን ምልክት የሚታተመው ማንበብ የማይችለው መራጭ እንዳይሳሳት ነው። ብራውዘሮችም አንድ ጊዜ እንደ ዕጩ ተሰልፈው ነበር፤ በ2010 ማይክሮሶፍት በአውሮፓ ኅብረት ጫና ለተጠቃሚዎች የምርጫ ገጽ ሲያቀርብ ታዋቂዎቹ አምስት ብራውዘሮች በፊት ረድፍ ላይ፣ ተራቸው በዕጣ እየተለዋወጠ ታዩ። ሆኖም ሕግ ቅጂን ይከለክላል እንጂ ሉልን ለአንድ ባለቤት አይሰጥም። ሕግ ያልደረሰበትን ጥበብ ሊደርስበት ይገባል።

የመመሳሰል ጥቅምና ወሰኑ

መመሳሰል ሁሉ ክፉ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። ምልክት ሁለት ዕዳ አለበት፤ ዓይነቱን መናገርና ማንነቱን መናገር። በቆላው ከተሞች የእጅ ሠዓሊ የሣለው የፀጉር ቤት ሰሌዳ ሁለቱንም ይከፍላል። መቀሱና ማበጠሪያው ዓይነቱን ይናገራሉ፤ የሠዓሊው እጅ፣ የመረጠው ቀለም፣ የሣለው ፊት ደግሞ የትኛው ፀጉር ቤት እንደሆነ ይናገራሉ። ዛሬ በማሽን የሚታተመው የላስቲክ ሰሌዳ ከኢንተርኔት የተቀዳ ፊት ሲያሳይ በነገሌም በያቤሎም ያው ፊት ይሰቀላል። የስልኩ በሽታ ወደ ግድግዳው ተሻግሯል ማለት ነው።

የግዕዝ ፊደልም ለዚህ ምስክር ነው። «ሰ» እና «ሸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ተ» እና «ቸ» የሚለያዩት በአናት ላይ ባለች አንዲት ጭረት ነው። አንባቢ የማይሳሳተው ጭረቷ ትልቅ ስለሆነች ሳይሆን በሁሉም ዘንድ አንድ ሥራ ስላላት ነው። ትንሽ ልዩነት በሥርዓት ከቆመች ትበቃለች፤ ትልቅ ጌጥ ያለ ሥርዓት አይበቃም። በ2020 ጎግል የደብዳቤውን፣ የቀን መቍጠሪያውን፣ የስብሰባውንና የሰነዱን ምስሎች በአራት ቀለማት አንድ ዓይነት ባደረጋቸው ጊዜ ተጠቃሚዎች አምርረው የወቀሱት ለዚሁ ነበር፤ የቤቱ ስም ደመቀ፣ የዕቃዎቹ ልዩነት ጠፋ።

ከረድፉ ወጥተው የሚታዩት ምስሎችም ይህንኑ ይናገራሉ። የፋየርፎክስ ቀበሮ፣ የብሬቭ አንበሳ፣ የዩሲ ብራውዘር ሽኮኮ ስም ባይነበብ እንኳ በአፍ ሊጠሩ ይችላሉ። «ቀበሮዋን ክፈት»፣ «አንበሳውን ንካ» ማለት ይቻላል። «ክቡን ክፈት» ቢባል ግን «የትኛውን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። በቃል ሊጠራ የማይችል ምስል በሰው መካከል ሊተላለፍ አይችልም፤ ዕውቀት ከአፍ ወደ አፍ በሚሄድበት አገር ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ከዚህ የሚወጣው ተግባር ግልጽ ነው። ለኢትዮጵያ ተቋማት አርማና የስልክ ምስል የሚሥሉ ሠዓሊዎች ሉሉንና ሰማያዊውን ክብ ከመዋሳቸው በፊት መሣሪያው ከሌላው በምን እንደሚለይ መጠየቅ አለባቸው፤ መልስ ከሌለ ጉድለቱ የሥዕሉ ሳይሆን የመሣሪያው ነው። ምስሉ ለብቻው በነጭ ወረቀት ላይ ሳይሆን ከአሥር ጎረቤቶቹ ጋር፣ በቀትር ፀሐይ፣ በአሮጌ ስልክ ላይ ይፈተን። ላቲንም ሆነ ግዕዝ የማያነብ ሰው አንድ ጊዜ አይቶ በማግሥቱ መልሶ ያገኘው እንደሆነ ይታይ። በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትም ሆነ በየወረዳው የሥዕል ክፍለ ጊዜ፣ የአርብቶ አደሩ የምልክት ሥርዓት እንደ ባህል ቅርስ ብቻ ሳይሆን እንደ ሕያው የሙያ ትምህርት ይሰጥ። የነገሌ መምህር ተማሪዎቹን ወደ ከብት ገበያው ይዞ ወጥቶ የግመሎቹን ምልክቶች ከነቦታቸው ቢያስሥላቸው፣ ከዚያም የስልኮቹን ምስሎች በትይዩ ቢያስቀምጥላቸው፣ የትኛው በደንብ እንደሚናገር ፍርዱን ራሳቸው ይሰጣሉ። ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል ነገ ለሌላ ሰው ስልክ ምስል የሚሥል ይኖራል፤ ብሩሹን ሲያነሣ እረኛው ብረቱን ሲያግል የሚያስበውን አንድ ነገር፣ ከጎኑ የሚቆመውን፣ ያስብ።